የጣራው አንቴናና የእኛ ሰዓት



በዚህች ልሳናችን ላይ በብዛት የሚወጡት ጽሑፎች ስለ ማኅበራችን ሥራ፣ ስለ ትምህርት ችግር፣ ስለ መኖሪያ ፈቃድ ውጣ ውረድ፣ አልፎ አልፎም ስለ አገር ናፍቆት የሚያወሱ ናቸው። እኔ ዛሬ የማቀርበው ስለ አንድ የሬዲዮ አንቴናና አንቴናውን በኔትወርክ ስለሚያዙት ፕሮግራሞች ነው። «ይህ የኢንጂነሮች ጉዳይ ነው» ብሎ ገጹን ለማለፍ የሚቸኩል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ቢሆንም ጥቂት እንድትታገሡኝ እለምናለሁ፤ ነገሩ ከሞተርና ከሽቦ ቢነሣም፣ በእኔ ላይ የደረሰው ከሞተርና ከሽቦ ያለፈ ነበርና።

አንካራ ከመጣሁ አራት ዓመት አልፎኛል። በእነዚህ ዓመታት አንድም ጊዜ አገር ቤት አልተመለስኩም። ስነሣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የነበረው ታናሽ ወንድሜ ዛሬ በአዲስ አበባ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተማሪ ሆኗል። በስልክ እንገናኛለን፤ የስልካችን ነገር ግን እናንተም የምታውቁት ነው። «እንዴት ነህ?» «ደኅና ነኝ።» «እማማስ?» «ደኅና ናት።» «ገንዘቡ ደረሰ ወይ?» «ደረሰ።» ከዚያ በኋላ ዝምታ ይወርዳል። አንዳችን «በል እንግዲህ» እስክንል ድረስ ሁለታችንም ስልኩን ይዘን እንቆማለን። ጥፋቱ የማንም አልነበረም፤ አብረን የምንሠራው ነገር ስላልነበረን ነው።

የዩኒቨርሲቲያችን የሬዲዮ ክበብ በአንድ አሮጌ የላቦራቶሪ ሕንጻ ላይ፣ ከጣራው ሥር አንዲት ጠባብ ክፍል አለችው። ክበቡን የሚመሩት በዚህ አገር ልማድ «ሆጃም» እያልን የምንጠራቸው አንድ መምህር ናቸው። ገና በመጀመሪያው ቀን ሻይ በትንሿ ብርጭቆ አቀረቡልኝና፣ «የእናንተ አገር የጥሪ ምልክት በኢ ቲ ይጀምራል፤ ከዚያ የመጣ ሰው ግን ክበባችን ገብቶ አያውቅም» አሉኝ። የአገሬን የሬዲዮ መለያ ከባዕድ ሰው አፍ መስማቴ ደስም አሰኘኝ፣ አሳፈረኝም፤ እኔ ከዚያ በፊት አላውቀውም ነበርና።

ለማያውቁት ባጭሩ ላስረዳ። የሬዲዮ አማተሮች የሚባሉት ለንግድ ሳይሆን ለዕውቀትና ለፍቅር ሲሉ፣ ተፈትነው ፈቃድ በማግኘት፣ በተመደበላቸው የሞገድ ክልል የሚነጋገሩ ሰዎች ናቸው። ስፑትኒክ በተተኮሰች በአራት ዓመቷ፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 12 ቀን 1961፣ በካሊፎርኒያ የሚኖሩ አማተሮች በእጃቸው የሠሯት ኦስካር 1 የተባለች ሳተላይት ከአንድ የመንግሥት ሳተላይት ጋር በደባልነት ወደ ሕዋ ወጣች። ክብደቷ 4.5 ኪሎ ግራም ያህል ነበር። ሥራዋ በሞርስ ፊደል ሰላምታ እያሰማች መዞር ብቻ ነበር፤ ይህንኑ ሦስት ሳምንት ያህል ስታደርግ ቆየች። ከእርሷ በኋላ ብዙዎች ተከትለዋል። በዓለም አቀፉ የሕዋ ጣቢያ ላይም የአማተር ሬዲዮ መሣሪያ አለ፤ ከምድር በ145.990 ሜጋኸርዝ የሚላክለትን ድምፅ ተቀብሎ በ437.800 ሜጋኸርዝ መልሶ ወደ ምድር ይልከዋል።

ችግሩ ጣቢያዋ አንድ ቦታ አለመቆሟ ነው። 400 ኪሎ ሜትር በሚያህል ከፍታ ላይ፣ በሰኮንድ ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ እየከነፈች፣ ምድርን በ93 ደቂቃ ገደማ አንድ ጊዜ ትዞራለች። አንድ ሰው ካለበት ቦታ ሆኖ ሊያያት የሚችለው ቢበዛ ለ10 ደቂቃ ያህል ነው። በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ አንቴናው እርሷን እየተከተለ መዞር አለበት። ከዚህም ሌላ፣ ስትመጣ ሞገዷ ከፍ ብሎ፣ ስትሄድ ዝቅ ብሎ ይሰማል፤ መኪና ጡሩምባዋን እየነፋች በአጠገባችን ስታልፍ ድምፁ እንደሚለዋወጠው ማለት ነው። በ437.800 ላይ ልዩነቱ ወደ ላይም ወደ ታችም እስከ 10 ኪሎኸርዝ ስለሚደርስ፣ ሬዲዮውም ያለማቋረጥ መስተካከል ይኖርበታል።

በ1970ዎቹ የነበሩት አማተሮች ይህን የሚሠሩት በወረቀት ነበር። የምድርን ካርታ ከሰሜን ዋልታ በላይ ሆኖ እንደሚያይ ሰው አድርገው ይዘረጉና፣ የሳተላይቷ መንገድ የተሣለበትን ግልጽ ፕላስቲክ በላዩ ላይ እያዞሩ መቼና በየት በኩል እንደምትወጣ ያነቡ ነበር። ከዚያ አንዱ እጅ አንቴናውን፣ ሌላው የሬዲዮውን ቁልፍ ያዞራል። ዛሬ የሳተላይቷ መንገድ እያንዳንዳቸው 69 ቁምፊ ባላቸው ሁለት መስመሮች ተጽፎ በኢንተርኔት ይታደላል። እ.ኤ.አ. በ1980 በታተመ የሒሳብ ቀመር እነዚህን ሁለት መስመሮች የሚያሰላ ፕሮግራም፣ ሳተላይቷ በዚህች ሰኮንድ የት እንዳለች ይናገራል። እኛ የምንጠቀምበት ፕሮግራም ጂፕሬዲክት ይባላል፤ ማንም በነፃ ሊወስደው፣ ሊያየውና ሊያሻሽለው የሚችል ነው።

እኔን የማረከኝ ግን የሥራ ክፍፍሉ ነው። ጂፕሬዲክት ሰማዩን ያውቃል እንጂ ሞተሩን አያውቅም። ሞተሩን የሚያውቀው ሃምሊብ ከሚባለው የፕሮግራሞች ስብስብ ውስጥ ያለ ሮትሲቲኤልዲ የተባለ አገልጋይ ፕሮግራም ነው። ሬዲዮውን የሚያውቀው ደግሞ ወንድሙ ሪግሲቲኤልዲ ነው። ሦስቱ የሚነጋገሩት በኔትወርክ ነው፤ ሬዲዮው በ4532፣ ሞተሩ በ4533 ቁጥር በር ላይ ሆነው ትእዛዝ ይጠብቃሉ። ስለዚህ ሦስቱም በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ቢሆኑ፣ ወይም አንዱ ጣራ ላይ ሌላው መኝታ ክፍል ውስጥ ቢሆን፣ ለእነርሱ ልዩነት የለውም።

ቋንቋቸውም እጅግ አጭር ነው። ትልቁ የላቲን ፊደል ፒ ተጽፎ 180 እና 45 ቢከተለው፣ «ፊትህን ወደ ደቡብ አዙር፣ ከአድማስም 45 ዲግሪ ቀና በል» ማለት ነው። ትንሹ ፒ ብቻውን ሲላክ ጥያቄ ነው፤ «አሁን ወዴት ታያለህ?» እንደ ማለት። አገልጋዩ ትእዛዙን ከተቀበለ ዜሮ ብሎ ይመልሳል፤ ዜሮ ማለት «ስሕተት የለም» ማለት ነው። ጂፕሬዲክት በየሰኮንዱ ይጠይቃል፣ ያዛል፣ ደግሞ ይጠይቃል። እኛ ባደረግንለት ልክ መሠረት አንቴናው ከሚገባው ቦታ ከ5 ዲግሪ በላይ ካልራቀ ሞተሩን አያስነሣም፤ ሞተሩ በከንቱ እንዳይደክም ነው።

አገልጋዮቹን ራስፕቤሪ ፓይ በምትባል መዳፍ በማትሞላ ኮምፒዩተር ላይ ጭነን ከጣራው ሥር አኖርናት። ከዚያ ወዲህ፣ በረዶው ሲከብድ፣ ከመኝታ ክፍሌ ብርድ ልብስ ተከናንቤ የሩቁን አንቴና አዞር ጀመር። ፈቃድ ስለሌለኝ በሬዲዮው አልናገርም፤ ሥራዬ ማዳመጥ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ይህንኑ ለወንድሜ በስልክ ነገርኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ዝምታው ሳይወርድ ቀረ። «እኔም መስማት እችላለሁ?» አለኝ። የፍላሽ ዲስክ የምታህል መቀበያ ገዝቼ አገር በሚገባ ሰው እጅ ላክሁለት። እርሱም ከአሮጌ የሜትር መለኪያ ብረትና ከመጥረጊያ እንጨት አንቴና ሠራ። እርሱ ሞተር የለውም፤ የእርሱ ሞተር ክንዱ ነው። ጂፕሬዲክትን በላፕቶፑ ላይ ጫነና ፕሮግራሙ የሚነግረውን አቅጣጫ እያየ በእጁ መከተል ተለማመደ።

ከሁሉ በፊት የተመኘነው አንድ ነገር ነበር፤ ሁለታችን በአንድ ቅጽበት አንድን ድምፅ መስማት። በካርታ ላይ አሰላነው። አንካራና አዲስ አበባ በቀጥታ መስመር 3,500 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። የሕዋ ጣቢያዋ ከበላዩ ካለችበት ነጥብ ተነሥቶ በሁሉም አቅጣጫ 2,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ድረስ ትታያለች። እንግዲያስ ከሁለቱ ከተሞች መካከል፣ ማለትም በቀይ ባሕር ሰሜናዊ ክፍል በኩል ስታልፍ፣ ከአንካራም ከአዲስ አበባም ከአድማስ 5 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ልትታይ ትችላለች ማለት ነው። ጊዜው ከሦስት ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። ለእኛ ግን ሦስት ደቂቃ ብዙ ነበር።

ነገር ግን ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ ተሳስቻለሁ። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሡኝም እነዚያ ስሕተቶች ናቸው።

የመጀመሪያው የበሩ ስሕተት ነው። ወንድሜ፣ «ወንድም ጋሼ፣ እስቲ ያንተን አንቴና ከዚህ ሆኜ እኔ ላዙረው» አለኝ። እንዴት እምቢ እላለሁ? በክበቡ የኢንተርኔት ማከፋፈያ ላይ 4533ን ለውጪው ዓለም ከፈትኩለት። ወንድሜ አዲስ አበባ ሆኖ «ወደ ደቡብ» አለ፤ አንካራ ላይ አንቴናው ፊቱን ወደ ደቡብ መለሰ። ስልኩ ላይ የሳቀው ሳቅ እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ። ከዚያ ደስታው በሩን መዝጋት አስረሳኝ። ሮትሲቲኤልዲ «ማን ነህ?» ብሎ አይጠይቅም፤ የይለፍ ቃል የለውም፤ ለመጣ ሁሉ ይታዘዛል። በኢንተርኔት ላይ ደግሞ የተከፈተ በር ፍለጋ ሌት ተቀን የሚያንኳኩ አይጠፉም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ብንወጣ፣ አንቴናው እኛ ያላዘዝነውን መንገድ ተጉዞ እስከ ገደቡ ዞሯል፤ ገመዱ ምሰሶው ላይ ተጠምጥሞ ከመጋጠሚያው ተነቅሏል። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል እንዲሉ፣ በእኔ አያያዝ ተቀደደ።

ሆጃም አልተቆጡም፤ ያም ከቁጣ የባሰ ነበር። መፍቻና ብየዳ ሰጥተውኝ ከእኔ ጋር ጣራ ላይ ወጡ። ስንጨርስ ሻይ እየጠጣን፣ «ፕሮግራሙ አልበደለም። ያለ ጥርጣሬ እንዲታዘዝ ሆኖ ነው የተሠራው። መጠራጠር የሰው ድርሻ ነው» አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለቱ አገልጋዮች ከዚያችው ትንሽ ኮምፒዩተር ውጪ ለማንም እንዳይመልሱ አደረግን። ከሩቅ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ ኤስ ኤስ ኤች በሚባለው የተመሰጠረ መተላለፊያ ይገባል፤ ለዚያም የራሱ ቁልፍ ይሰጠዋል። ለወንድሜ ቁልፍ እንዲሰጠው የጠየቁት ራሳቸው ሆጃም ነበሩ።

ሁለተኛው የሰዓት ስሕተት ነው፤ ይህ ከሁሉ ይልቅ ያሳፍረኛል። ጣቢያዋ በቀይ ባሕር ላይ የምታልፍበትን ቀን መርጬ ለወንድሜ እንዲህ ስል ጻፍኩለት፤ «ቅዳሜ በ8 ሰዓት ከ14»። ቅዳሜ ማታ አንቴናው ዝግጁ፣ እኔም ዝግጁ ሆነን ጠበቅን። ጣቢያዋ መጣች፣ ተሰማች፣ ሄደች። ወንድሜ የለም። ስደውል በቀዘቀዘ ድምፅ፣ «በጠራራ ፀሐይ አንድ ሰዓት ሙሉ ጣራ ላይ ቆሜ ነበር፤ ከፍሽታ በቀር ምንም አልሰማሁም» አለኝ።

ነገሩ የገባኝ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው። አንካራና አዲስ አበባ ሰዓታቸው አንድ ነው፤ ቱርክ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ዓመቱን ሙሉ እንደ እኛ ከዓለም አቀፉ ሰዓት ሦስት ሰዓት ትቀድማለች። በሁለታችን መካከል የአንዲት ደቂቃ ልዩነት እንኳ አልነበረም። እኔ ግን «8 ሰዓት» ያልኩት በባዕድ አቆጣጠር ነው፤ በእናቴ ቤት ያ ሰዓት ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነው የሚባለው። ወንድሜ እንደ ማንኛውም ያገሬ ሰው ስምንት ሰዓትን ከቀኑ ስምንት ሰዓት አድርጎ አነበበው። በአራት ዓመት ውስጥ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ቀኑ በጠዋት የሚጀምርበትን ሰዓት ረስቼ ነበር። በአማርኛ እየጻፍኩ በሌላ ሰዓት አስብ ነበር ማለት ነው። ለመሆኑ ከመካከላችን ስንቶቻችን ነን እንዲሁ የሆንን? ፕሮግራሙ በውስጡ የሚቆጥረው በዓለም አቀፉ ሰዓት ብቻ ስለሆነ አይሳሳትም፤ የተሳሳተው አስተርጓሚው ነው። ከዚያ ወዲህ ለወንድሜ ሰዓት ስጽፍ በሁለት መንገድ እጽፋለሁ፤ መጀመሪያ በዓለም አቀፉ፣ ቀጥሎም «ከምሽቱ» ወይም «ከቀኑ» እያልኩ በእኛ።

ሦስተኛው የቦታ ስሕተት ነው። ሰዓቱን አስተካክለን በሌላ ቀን ሞከርን። በዚህ ጊዜ ወንድሜ በሰዓቱ ቆመ፤ ፕሮግራሙም «ወጥታለች፣ ሰሜን ላይ ናት፣ 3 ዲግሪ፣ 4 ዲግሪ፣ 5 ዲግሪ» አለው። እኔ ጥርት አድርጌ እሰማለሁ፤ እርሱ ምንም አይሰማም። አንቴናውን ፈታታ፣ መቀበያውን ቀያየረ፤ ያው ፍሽታ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ስንጨነቅ ከቆየን በኋላ ነበር፣ «ለመሆኑ የቆምከው የት ነው?» ብዬ የጠየቅሁት። «አክስቴ ቤት ነዋ፤ ሽሮ ሜዳ» አለኝ።

ሽሮ ሜዳን የሚያውቅ አንባቢ አሁን ሳይስቅ አይቀርም። ከሽሮ ሜዳ ወደ ሰሜን የሚያይ ሰው የሚያየው እንጦጦን ነው። ጂፕሬዲክት የከተማውን ኬንትሮስና ኬክሮስ ያውቃል፤ የሰጠነው እነዚያን ነውና። በፊቱ የቆመውን ተራራ ግን ማንም አልነገረውም። በፕሮግራሙ ዘንድ ምድር ሁሉ እንደ ባሕር ገጽ ለጥ ያለች ናት። ጣቢያዋ በእውነት ወጥታ ነበር፤ ከእንጦጦ ጀርባ። እኔም ያደግኩበትን ከተማ ተራራ ረስቼ ሁለት ቀን ሙሉ ጥፋቱን በወንድሜ እጅ ሥራ ላይ ስፈልግ ከረምኩ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 20 ቀን 2019 ከቻይና ላስወነጨፈቻት የመጀመሪያ ሳተላይቷ የምድር መቆጣጠሪያ ጣቢያውን ያቆመችው እዚያው እንጦጦ ላይ ነው። ተራራው በላዩ ለወጣ ማማ፣ በግርጌው ለቆመ ግርዶሽ ነው።

ለሦስተኛው ሙከራ ወንድሜ በታክሲ ተሳፍሮ ከከተማው ደቡብ ጫፍ፣ ቃሊቲ፣ አጎታችን ዘንድ ሄደ። ከዚያ ሆኖ ሲታይ እንጦጦ ከሩቅ ዝቅ ያለ ሰማያዊ መስመር ነው። እኔ በክበቡ ክፍል ውስጥ ተቀምጫለሁ፤ ስልኩ በመካከላችን ተከፍቷል። በዚያ ምሽት ጣቢያዋ ከሰሜን ምዕራብ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የምትወርድበት ጉዞ ነበር። ለእኔ በምዕራብ በኩል ወጣች፤ አንቴናው ከጣራው ላይ እያጉረመረመ ተከተላት። በደቡብ ምዕራብ አለፈች፣ ወደ ደቡብ አዘነበለች፣ ዝቅ ማለት ጀመረች። በዚህ ጊዜ ወንድሜ፣ «ወጣች! ወንድም ጋሼ፣ ወጣች!» ብሎ ጮኸ።

ሁለታችንም ወረቀት ይዘን ነበር። በጣቢያዋ በኩል አንድ የማናውቀው ሰው የጥሪ ምልክቱን ፊደል በፊደል እየጠራ ሌላውን አማተር ይጣራ ነበር። የእኔ ኮምፒዩተር የሬዲዮውን ሞገድ ወደ 437.792 አውርዶታል፤ የወንድሜ ደግሞ 437.808 ላይ ይነበባል። ድምፁ አንድ ነው፣ ቅጽበቱም አንድ ነው፤ ጣቢያዋ ግን ከእኔ እየራቀች ወደ እርሱ እየቀረበች ስለ ነበር ለእኔ ዝቅ፣ ለእርሱ ከፍ ብላ ተሰማች። የእኔ ድምፅ እየሳሳ ሄዶ በፍሽታው ውስጥ ሰጠመ። ወንድሜ ግን ገና መጻፉን ቀጥሏል።

በኋላ ወረቀቶቻችንን አስተያየን። እኔ የጥሪ ምልክቱን መጀመሪያ ይዣለሁ፤ ፍጻሜው ጠፍቶብኛል። እርሱ መጀመሪያው አልፎት ፍጻሜውን ይዟል። በመካከል ያሉት ሁለት ፊደላት በሁለታችንም ወረቀት ላይ አሉ። ያን ምሽት ስልኩን ስንዘጋ ሌሊቱ ተጋምሶ ነበር፤ «እንዴት ነህ» መባባሉንም ጭራሽ ረስተነዋል።

ከዚህ ሁሉ የተማርኩትን ባጭሩ ላስቀምጥ። እነዚህ ፕሮግራሞች ታማኝ አገልጋዮች ናቸው። እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ጥቂት ሥራ ብቻ ያውቃሉ፤ በአጭር ቃል ይነጋገራሉ፤ ከአንካራ አዲስ አበባ ሊታዘዙ ይችላሉ። ሦስት ነገሮችን ግን ከእኛ ይጠብቃሉ፤ ሰዓቱ ስንት እንደሆነ፣ የቆምነው የት እንደሆነ፣ በበሩ የሚገባውም ማን እንደሆነ። እነዚህን በትክክል ካልነገርናቸው ያለ አንዳች ስሕተት ወደ ባዶ ሰማይ ያዞሩናል። እኔ በሦስቱም የተሳሳትኩት ፕሮግራሙን ባለማወቄ ሳይሆን፣ የገዛ አገሬን ሰዓትና የገዛ ከተማዬን ተራራ በመርሳቴ፣ በሬንም ባለመዝጋቴ ነው።

ለመጀመር የሚፈልግ ካለ ብዙ ወጪ የለውም። በእጅ የሚያዝ አንቴና፣ ትንሽ መቀበያና አንድ ላፕቶፕ ይበቃል። ሞተሩና አገልጋዮቹ በኋላ ይደርሳሉ። ሁለቱ የመንገድ መስመሮች ያረጃሉና በየጊዜው ማደስን አትርሱ፤ በተለይ የሕዋ ጣቢያዋ አልፎ አልፎ በሞተር ከፍ ስለምትደረግ የከረመ መስመር ያሳስታል። ሽቦና ሞተር የማይወድ ደግሞ፣ ኳታር እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2018 ያስወነጨፈቻት ኢስሃይል 2 የአማተር ማስተላለፊያ ይዛ ከምድር ወገብ በላይ አንድ ቦታ ላይ ትገኛለች፤ ከኢትዮጵያም ከቱርክም ስለምትታይ አንቴናውን አንድ ጊዜ አቅንቶ መተው ይቻላል። ብቻውን መሥራት የማይፈልግም፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በአቴንስ የተጀመረውና በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ጣቢያቸውን የሚያገናኙበት ሳትኖግስ የሚባል መረብ አለለት። የአንዱ ጣቢያ ዐሥር ደቂቃ ሲያልቅ የሌላው ይጀምራል፤ የእኔና የወንድሜ ሁለት ወረቀቶች ያደረጉትን በሰፊው ማድረግ ማለት ነው።

ከማኅበራችን አባሎች መካከል በየከተማው ተበትነን የምንገኝ ብዙ ነን፤ በአገር ቤትም እንደ እኔ ወንድም በስልክ «ደኅና ነኝ» እያለ ዝም የሚል ታናሽ ያለው አይጠፋም። ሬዲዮ ባይሆን ሌላ፣ አብራችሁት የምትሠሩት አንድ ነገር ፈልጉ። ቀጠሮ ስትይዙ ግን ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር መጻፍን አትርሱ።

ቸር ይግጠመን።

ከማኅበሩ አባል አንዱ፣ አንካራ